«የቤት ቃል» የተጻፈባት ጣውላ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ ተናዝዣለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ግማሹን ደበቅኩ። በሁለተኛው ሁሉንም አወጣሁት፤ የታዘዘልኝን ሰገድኩ፣ የታዘዘልኝን ጾምኩ፣ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው አሰናበቱኝ። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ልናገር ነው። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የምትልኩ አላችሁ፤ ጠመኔ ይዛችሁ የምትቆሙም አላችሁ። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቂቱ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ሳትጨርሰው አስቀመጥኳት። የሆነው ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

አሁን የምኖረው ጂንካ ነው። ከደብረ ታቦር ጂንካ ድረስ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ምን ያህል እንደራቅኩ ይገባዋል። ያኔ ግን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ከገሳይና ከዚያ ወዲያ ካሉ ቀበሌዎች መጥተው፣ ክፍል ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤተሰብ እየተላከላቸው የሚማሩ ነበሩ። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ሲማሩ ከርመው፣ ሰባተኛ ላይ ሲደርሱ በአንድ ክረምት ውስጥ ሁሉ ነገር ስሙን ይለውጥባቸዋል።

አባቴ የዳዊት መምህር ነበሩ። ልጅ ሆኜ ከበሩ ጥግ ተቀምጬ ተማሪዎቻቸው ሲያነቡ እሰማ ነበር። አንድ ልጅ አንዲት ፊደል ሲስት አባቴ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ኳ ያደርጉና «መልስ!» ይላሉ። ልጁ ይመልሳል። እንደገና ከሳተ እንደገና «መልስ!» ነው። «ገባህ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ግን ሰምቼ አላውቅም። ንባብ ቤት እንደዚያ ነው፤ ቃሉ መጀመሪያ ሳይዛባ አፍ ላይ ይቀመጣል፣ ትርጓሜው ከዓመታት በኋላ በሌላ ጉባኤ፣ በሌላ መምህር ይመጣል። ለጸሎት መጽሐፍ ይህ የከበረ ሥርዓት ነው፤ ዛሬም አከብረዋለሁ። የእኔ ጥፋት ሥርዓቱን ሳይንስ ክፍል ይዤው መግባቴ ነው። የእኔ ተማሪዎች ትርጓሜ ቤት አልነበራቸውም።

ክፍሌ ሦስት ሕግ ነበረው። አንደኛ፣ ማንኛውም ነገር የሚጠራው በመጽሐፉ ስሙ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የቃሉ ፍቺ እንደተጻፈው ይነገራል፤ ከራሱ የጨመረበት ዜሮ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ጎጆ ቤት ወይም ጓዳ ውስጥ በሚነገር ቃል የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ጣውላ ያጠልቃል። መዳፍ የምታክል ጣውላ ነበረች፤ ሲባጎ አስሬባት በቀይ ቀለም «የቤት ቃል» ብዬ ጽፌባታለሁ። ልጆቹ «ቀንበሯ» ይሏታል። ያጠለቀ ልጅ ሌላ የሳተ ልጅ እስኪያገኝ ድረስ አያወልቃትም። ሳያገኝ ከዋለ ይዟት ቤቱ ያድራል፤ የሳተውን ነገር የመጽሐፍ ስም መቶ ጊዜ ጽፎ በማግሥቱ ከቀንበሯ ጋር ይመልሳል።

ክፍሌ ጸጥ አለ። ርእሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። እኔ ደግሞ ጸጥታውን እውቀት አደረግኩት። ቀንበሯን ያጠለቀ ልጅ ትምህርት እንደማይሰማ፣ የጓደኞቹን አፍ ብቻ ሲጠብቅ እንደሚውል አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። ሊጥ ለምን እንደሚነሳ ከእናቱ ጓዳ የሚያውቅ ልጅ «እርሾ» ካለ ዜሮ ነው፤ እንጀራ ሲጋገር አይቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ የመጽሐፉን ቃል ካነበነበ አሥር ከአሥር ነው።

ትርንጎ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ አያ ታከለ ከገሳይ ወዲያ አራሽ ናቸው፤ እናቷ የሉም። አራተኛ ክፍል ከምትማረው ታናሽ እህቷ ከስመኝ ጋር እትዬ ዘሐራ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። እትዬ ዘሐራ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የእሳቸው ልጅ ሐያት የትርንጎ የስምንተኛ ክፍል አለቃ ነበረች። ትርንጎ አንድ የሚያበሳጨኝ ጠባይ ነበራት። ቀንበሯ አንገቷ ላይ ከገባች አትወጣም፤ ሌላ ልጅ ሲስት ትሰማለች፣ ግን አትጠቁምም። እኔ ይህን ግትርነት ነበር የምለው።

በጾመ ነቢያት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ሁለቱን እህትማማቾች አጸዱ በር ላይ አገኘኋቸው። በዚያ ወር ደብረ ታቦር ጠዋት ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ይሆናል። የትርንጎ የእጇ ጀርባ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ብርድ ነው ቲቸር። ውሃ ስነካ ይሰነጠቃል።»

ስመኝ ከኋላዋ ብቅ አለች። «ማታ ስትጽፍ ካልሲዬን እጇ ላይ ታጠልቀዋለች! እኔ ባዶ እግሬን ነው የምተኛው።»

«ዝም በይ አንቺ!»

«እውነቴን እኮ ነው። ከእኛ ቤት የጅብ ጉድጓድ ይሞቃል።»

ሳቅኩ። ወዲያውም አዘንኩ። ቤቴ ወሰድኳቸውና ግማሽ ከረጢት ከሰልና አሮጌ ምድጃዬን ሰጠኋቸው። የሰጠሁትን ምክር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እናንተም ልብ በሉት። «ውጪ አቀጣጥሉት። ጭሱ ሳያልቅ እንዳታስገቡት፤ የሚገድል ጭሱ ነው። ፍም ሆኖ ሲቀላ አስገቡት፤ ያኔ ምንም አያደርግም» አልኳቸው። እናቴም የምታደርገው እንደዚያ ነበር፤ እኔም በየምሽቱ የማደርገው እንደዚያ ነበር። አክዬም «ለማንም እንዳትናገሩ» አልኳቸው። ምጽዋት በአደባባይ ሲወራ ዋጋው ይጠፋል ብዬ እፈራለሁ።

ስመኝ ምድጃውን አቅፋ፣ ትርንጎ ከረጢቱን ተሸክማ ሄዱ። ቤቴ ገብቼ ጸሎቴን ሳደርስ ልቤ ደስ ብሎት ነበር።

በማግሥቱ ሰኞ፣ የቀኑ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ትምህርቱ ስለ ጋዞች ነው። ሰሌዳው ላይ «ካርቦን ሞኖኦክሳይድ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ፍቺውን አስደገምኳቸው፤ ቀለም አልባ፣ ሽታ አልባ፣ መርዛማ ጋዝ። ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያነበንብ የአባቴ ጉባኤ መሰለኝ። መጽሐፉ የሰጠው ምሳሌ የመኪና ጭስ ነበር፤ እሱንም አስደገምኩ።

ትርንጎ እጇን አወጣች። ተነስታ በእንግሊዝኛ ጀመረች። «ቲቸር፣ ካርቦን ሞኖኦክሳይድ…» አለችና ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም።

«ቀጥይ። በእንግሊዝኛ።»

ወደ ሰሌዳው አየች፤ ወደ እኔ አየች። ከዚያ በአማርኛ ወረደችው፤ ሳትያዝ ለማምለጥ እንደሚሮጥ ሰው ቶሎ ቶሎ፤ «ቲቸር፣ የማይታይ የማይሸት ከሆነ፣ ጭሱ ካለቀም በኋላ ሊኖር ይችላል ማለት ነው? ያ የሰጡን ከሰል—»

«ከሰል አለች!» ሐያት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ የቤት ቃል!»

ከኋላ ወንበር አንዱ «ከሰል ሻጭ!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

በዚያች ቅጽበት በራሴ ውስጥ የነበረውን በሐቅ ልንገራችሁ። አንደኛው ሕጉ ነው። ሁለተኛው ምጽዋቴ ነው፤ «የሰጡን ከሰል» ስትል ስጦታዬ በስድሳ ልጅ ፊት ሊወጣ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሦስተኛም ነበር፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

«ቁጭ በይ» አልኳት።

«ቲቸር፣ ጥያቄዬ አላለቀም…»

«ቁጭ በይ አልኩ እኮ! ሐያት፣ ቀንበሯን አልብሻት።»

ሐያት ሲባጎውን በትርንጎ አንገት አጠለቀች። ደወል ሲደወል ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ፤ ትርንጎ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ ጽፌ ባመጣው ይመልሱልኛል?»

«በትክክል ከጻፍሽው» አልኳት። «መቶውን ጊዜም እንዳትረሺ።»

«እሺ» ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሄደች። የተሰነጠቀ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ ጣውላዋ ደረቷ ላይ ኳ ኳ እያለች።

ማክሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም የእኔ ነበር። ስም ስጠራ ትርንጎ የለችም።

«የት ሄደች?» አልኩ።

«በራቸው ዝግ ነው ቲቸር» አለች ሐያት። «ሳልፍ ጠራኋት፤ ዝም አለችኝ። አፍራ ነው።»

«ቀንበሯን ይዛ ኮበለለች በሉኛ!» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ። ያን ሰዓት ስመኝ በሕይወት ነበረች፤ ኋላ ነው ያወቅኩት።

በእረፍት ሰዓት የአራተኛ ክፍል መምህር ሻይ ቤት አገኘኝና «የትርንጎ እህት ዛሬ ቀርታለች፤ ታማ ነው?» ሲለኝ ሻዬን አስቀመጥኩ። ሁለቱም? ስመኝ ደግሞ በምን ታፍራለች? ተነስቼ ልሄድ ቃጣኝ። ግን ደወሉ ተደወለ፤ የሰባተኛ ክፍል ፈተና ነበረብኝ። ፈትኜ ልሂድ አልኩ። አርባ ደቂቃ በዴስኮቹ መካከል እየተመላለስኩ ማን ከማን እንደሚኮርጅ ስጠብቅ ቆየሁ።

ከዚያ ሐያትን አስከትዬ ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ በሌሊት ተነስተው ይፋግ ገበያ ሄደው ኖሮ ግቢው ጭር ብሏል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ትርንጎ!» አልኩ። «ክፈቺ፤ አልቆጣሽም።»

በሩን ደጋግሜ መታሁ።

«ስመኝ! እኔ ነኝ፣ ቲቸር ነኝ!»

ሐያት በመስኮቱ ለማየት ዘለለች፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። «ብርድ እንዳይገባ ትናንት እማዬ ናት ሚስማር የሰጠቻቸው» አለችኝ። ያን ስትል በሩን ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም። ጎረቤት ያለውን ልብስ ሰፊ ጠራነው፤ በሩን በትከሻው ሦስት ጊዜ መታው፣ ተሰበረ።

ሞቃት አየር ፊታችንን መታን። ጭስ የለም። ሽታ የለም። ምድጃዬ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ አመድ ለብሷል። ስመኝ ምድጃው አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጠቅልላለች፤ ጉንጯ ቀልቷል። ሞቋት እንቅልፍ የወሰዳት ልጅ ነበር የምትመስለው፤ እንዲያውም እፎይ አልኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሁለቱ እግሮቿ ካልሲ አጥልቀዋል። ትርንጎ በሩ ስር ወድቃለች። ከበሩ በታች ያለው ክፍተት በጨርቅ ተወትፎ ነበር፤ ስትወድቅ በክርኗ ገፍታው ኖሮ በአፍንጫዋ በኩል ቀጭን የብርሃን መስመር ገብቷል። ደብተሯ ከስሯ ነው። ቀንበሯ አንገቷ ላይ ናት።

ልብስ ሰፊው ስመኝን ተሸክሞ ሮጠ። እኔና ሐያት ትርንጎን በባጃጅ ይዘን ተከተልን። ደብተሩን ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ስመኝ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ እስትንፋሷ ነበር። ውስጥ ከገባች በኋላ ወጣ። የተቀበለችን ነርስ እጇን እየታጠበች «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አለች፤ ለማንም አልነበረም የተናገረችው። እኔ ግን ፈተና የፈተንኩባትን አርባ ደቂቃ ቆጠርኩ። ዛሬም እቆጥራታለሁ።

ትርንጎ ኦክስጂን ተደርጎላት ወደ ቀትር ላይ ዐይኗን ገለጠች። ነርሷ ቀደም ሲል ሲባጎውን በመቀስ ቆርጣ ጣውላዋን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣታለች። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ብላኝ ነበር።

«እናቴ» አለቻት ነርሷ ትርንጎን፣ ዝቅ ብላ፤ «ማታ ቤት ያስገባችሁት ምንድን ነው? ምን አንድዳችሁ ነበር?»

ትርንጎ እኔን አየችኝ። ከነርሷ ትከሻ በላይ በቀጥታ እኔን። «ካርቦን…» አለች፤ ምላሷ ከብዷታል። «ካርቦን ሞኖ…»

«በአማርኛ ንገሪኝ ሆዴ። የነደደው ምንድን ነው?»

አሁንም እኔን አየች። እጇ በቀስታ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ሲባጎውን ፈለገ፤ አጣው። አፏን ዘጋች።

ነርሷ ዘወር ብላ እኔን አየች፤ ከዚያ እሷን፣ እንደገና እኔን። «መምህርት፣ እስቲ ውጪልኝ» አለች። «ልጅቷ አንቺን እያየች መናገር አልቻለችም።»

ወጣሁ። መጋረጃው ወዲያ ቆሜ ሰማሁ። ነርሷ ጥያቄዋን ደገመችላት። ከዚያ ትርንጎ በሹክሹክታ፣ ስርቆት እንደሚናዘዝ ሰው፣ «ከሰል» አለች።

ነርሷ ስትወጣ «ያው ነው» አለችኝ። «ካርቦን ሞኖኦክሳይድ። ብርድ በመጣ ቁጥር እናየዋለን። ጭሱ አልቋል ይሉና ፍሙን ይዘው ይገባሉ። መርዙ እኮ ጭሱ አይደለም፣ ከፍሙ የሚወጣው ነው፤ አይታይ፣ አይሸት። እናንተ ትምህርት ቤት አታስተምሯቸውም?»

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ተቀመጥኩ። ደብተሩን አወጣሁ። የጋዙን ስም ከአንድ ጀምራ ቁጥር እየሰጠች ወደ ታች ጽፋዋለች። መጀመሪያ ላይ ጽሕፈቷ የታተመ ይመስላል። ከአርባ በኋላ ፊደሎቹ መስመሩን እየለቀቁ መውረድ ጀመሩ። ስልሳ አራተኛው ላይ ስሙ ሳያልቅ ቆመ። የሚገድላትን ነገር ስም ስልሳ ሦስት ጊዜ ጽፋዋለች፤ አንድም ጊዜ አልሳተችም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ጥያቄዋ አለ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጽፋ፣ ሁለቴ ሰርዛ። «ቲቸር፣ ጭሱ ሲያልቅ ይህ ጋዝ አሁንም ከ… ይወጣል?» የሚል ነው። አንዲት ቃል የምትገባበትን ቦታ ባዶ ትታዋለች። የከሰል እንግሊዝኛው እኔ በሰጠኋቸው የቃላት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

አያ ታከለ ከገሳይ ሲደርሱ ከቀትር በኋላ ነበር። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። የስመኝን ነገር በር ላይ ነግረዋቸዋል። ትርንጎ አልጋ ግርጌ ቆሙና መጀመሪያ ለእኔ እጅ ነሱ።

«ከሰሉን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት አሉኝ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ። ብርድ እንዳይገድላቸው ብለው ነው።»

አንገቴን ደፋሁ።

«እስቲ አንድ ነገር ያስረዱኝ መምህርት። እኔ ጭስ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ልጆቼም ጭስ ውስጥ ነው ያደጉት። ሣር ቤት ነው፣ ጭሱ በክዳኑ ይወጣል፣ ያስለናል እንጂ አይገድለንም። ይሄ ደግሞ ጭስ የለውም ይሉኛል። ታዲያ በምን ገደለብኝ?»

ነገርኳቸው። «ከሰል ሲነድ ቤቱ ከተዘጋ፣ አየር ከጠፋ፣ ከፍሙ የማይታይ መርዝ ይወጣል። ጭሱ ቢያልቅም እሱ አያልቅም። ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል» አልኳቸው። በሕይወቴ ያን ያህል ጥርት አድርጌ ያስተማርኩት ትምህርት የለም፤ ከነርሷ ከሰማሁት ገና ሦስት ሰዓት አልሞላውም ነበር።

«ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው።»

«ይሄማ ሕፃን ይገባዋል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ለልጆቼ ነግረዋቸው ነበር?» አሉኝ።

ትርንጎ ነቅታለች፤ ታየኛለች። መንገዱ ሁለት ነበር፤ አንደኛው ደብተሩን ከቦርሳዬ ማውጣት ነው።

«አዎ» አልኩ። «ለትርንጎ ክፍል ትናንት ነው ያስተማርኩት።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ለዚህ ነው መጀመሪያ ስናዘዝ ውሸት ብዬ ያልቆጠርኩት።

አያ ታከለ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰምተሽ ነበር?»

ትርንጎ እኔን ጠበቀች። ስትጠብቀኝ አየኋት። አንድ ነገር እንድል ጊዜ ሰጠችኝ፤ ዝም አልኩ። የሌላ ልጅ ስሕተት መጠቆም አታውቅበትም ብያችሁ አልነበር? የመምህሯንም አልጠቆመችም።

«ሰምቻለሁ አባባ» አለች።

«ሰምተሽ! ትናንት በጆሮሽ ሰምተሽ፣ እህትሽን እሳቱ አጠገብ አስተኛሻት?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲህ አንቺ ነሽ የገደልሻት» አሉ። አልጮኹም። ጋቢያቸውን አስተካክለው የስመኝን ሬሳ ሊቀበሉ ወጡ።

ትርንጎ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። አባቷ አብረው ከሬሳው ጋር ወሰዷት፤ ልብሷን፣ ጣውላዋንም ሳይቀር ነርሷ በፌስታል አስራ ሰጠቻቸው፤ ደብተሩ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ። እኔ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዝውውር ጠይቄ ጂንካ ገባሁ። ለንስሐ አባቴ መጀመሪያ የተናዘዝኩት «ከሰል መጽውቼ ልጅ ሞተችብኝ» ብዬ ነበር። እሳቸውም አጽናኑኝ፤ «በጎ ልታደርጊ ብለሽ ነው» አሉኝ። መጽናናቱ እንደ እሬት መረረኝ። ማታ ማታ ስሰግድ ግንባሬ ወለሉን በነካ ቁጥር የሚመጣብኝ የስመኝ ፊት አይደለም፤ ትርንጎ እኔን የጠበቀችባት ጊዜ ናት።

የስመኝ ሙት ዓመት ሲደርስ ደብተሩን ይዤ ተነሳሁ። ቀናት ተጉዤ ገሳይ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ። የተጠራው ሰው በልቶ ከተበተነ በኋላ አያ ታከለና ጥቂት ዘመድ ቀረን። ትርንጎም ነበረች፤ ራሷን በነጠላ ሸፍና ዕቃ ታነሳሳለች። ማዶ ላለ ሰው ድረዋት ነበር።

ቆሜ ተናገርኩ። የሰጠኋቸውን ምክር ተናገርኩ፤ «ጭሱ ሲያልቅ አስገቡት» ያልኩት እኔ መሆኔን። ትርንጎ ክፍል ውስጥ ጠይቃኝ እንዳስቀመጥኳት፣ አንገቷ ላይ ጣውላ እንዳጠለቅኩባት ተናገርኩ። ጥያቄዋን ከደብተሩ አንብቤ ወደ አማርኛ መለስኩት። «ይህ ባዶ ቦታ ከሰል የሚለው ቃል ነው» አልኩ።

አያ ታከለ ማንበብ አይችሉም። ደብተሩን ተቀብለው ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«ዓመት ሙሉ አላናገርኳትም» አሉ። «ለባል የሰጠኋትም ፊቷን ማየት አቅቶኝ ነው።» ከዚያ ደብተሩን መለሱልኝ። «አሁን እግዜር ይስጥልኝ ልበልዎት?»

ትርንጎ ዕቃውን አስቀምጣ መጣች። «ቲቸር» አለች፤ ድምፅዋ የትልቅ ሴት ሆኗል። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በአማርኛ ነው።»

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን ብጨርሰው ኖሮ ምን ብለው ይመልሱልኝ ነበር?»

ቅድም አቆየዋለሁ ያልኳችሁ ሦስተኛው ነገር ይህ ነው። ጭሱ ካለቀም በኋላ ሊኖር ይችላል ወይ ስትለኝ፣ ሕጉም ምጽዋቱም ሳይታወሱኝ በፊት አንድ ፍርሃት ይዞኝ ነበር። መልሱን አላውቀውም ነበር። ኮሌጅ ያንን ጋዝ በቃሌ አነብንቤ አሥር ከአሥር አግኝቼበታለሁ፤ በዚያው ሰሞን በየምሽቱ ፍም አስገብቼ እተኛ ነበር። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ቀንበሯ የልጆቹን የቤት ቃል ብቻ አልነበረም የምትከለክለው። እኔን ከጥያቄ ትጋርደኝ ነበር።

«አላውቅም ነበር» አልኳት። «እኔም ቃሉን ብቻ ነበር የማውቀው።»

ትርንጎ አሰበች። «‹አላውቅም› ቢሉኝ ኖሮ እኮ» አለች ቀስ ብላ፤ «ያን ዕለት ውጪ እተወው ነበር።»

ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በሁለት እጇ ጣውላዋን ይዛለች። የተቆረጠውን ሲባጎ ቋጥራዋለች፤ ቀዩ ቀለም አልደበዘዘም።

«የእርስዎ ናት» አለችኝ። «የሳተ ሰው እስኪገኝ እኔ ዘንድ ነበረች።»

ጎንበስ አልኩላት። አጠለቀችልኝ።

ወገኖቼ፣ ጂንካ ላይ የማስተምራቸው ልጆች ቤታቸው አሪኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ የማልሰማው ብዙ የቤት ቃል አላቸው። በአንድ ትምህርት አምስት ስድስት ጊዜ «አላውቅም» እላቸዋለሁ፤ ይስቁብኛል። ይህን ያወራሁላችሁ ተሻሻልኩ ለማለት አይደለም። ስመኝን አይመልስም፤ ትርንጎንም ዴስኳ ላይ አያስቀምጣትም። ልጃችሁ ማታ ደብተሩን ይዞ የከበደ ስም ሲያነበንብ ብትሰሙት ግን አታመስግኑት። ያ ነገር በእናንተ ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቁት። ካላወቀ መምህሩን ይጠይቅ። መምህሩ ከተቆጣ ደግሞ እኔን አስቡኝ።

ጣውላዋ ከሥዕለ አድኅኖው በታች፣ ስጸልይ ፊት ለፊቴ ተሰቅላለች። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ፤ ያጠለቀ ሰው ሌላ የሳተ እስኪያገኝ ይዟት ያድራል። እኔ ሌላ ሰው አልፈልግም።